ጨጓራዬን አስቆረጥኩ፣ ፊቴ ተቀየረ፦ የ20 ወር ግምገማ

ከኦፕራሲዮኑ በፊት የፈረምኩት ወረቀት አራት ገጽ ነው። ደም ሊፈስ ይችላል ይላል። የተሰፋው ሊያፈስ ይችላል ይላል። የደም መርጋት፣ የቫይታሚን እጥረት፣ የሐሞት ጠጠር፣ ሁሉም በተራ ተደርድሯል። ስለ ፊት ግን አንድ መስመር የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ማን ይጠይቃል? 124 ኪሎ ሆኖ አንድ ፎቅ መውጣት ያቃተው ሰው ስለ ጉንጩ አያስብም።

ስለዚህ ይሄ ግምገማ ስለ ሆዴ አይደለም። ስለ ሆድ ብዙ ሰው ጽፏል። እኔ የምገመግመው ከአንገት በላይ ያለውን ነው። ኦፕራሲዮኑ ፊቴን ምን እንዳደረገው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ፊቴን አድናለሁ ብዬ ገንዘቤን የረጨሁባቸውን ነገሮች። የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው እንዳሞኘኝ። ኮከብም እሰጣለሁ፣ ግን በኮከቡ ብቻ አትፍረዱ፣ አንብቡት።

የተደረገልኝ ስሊቭ የሚባለው ነው። ከጨጓራ 75 እስከ 80 ከመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣና ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ይቀራል። ግሬሊን የሚባለውን፣ ራበኝ ራበኝ የሚያሰኘውን ሆርሞን በብዛት የሚያመርተው ክፍልም አብሮ ስለሚወጣ የምግብ ፍላጎቱ ራሱ ይቀንሳል። ባይፓስ የሚባለውም አለ፤ እሱ ላይ ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት ተሠርቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ይያያዛል። የትኛው ለማን ይሻላል የሚለውን ለሐኪሞች ልተወው። ለፊት ግን ያን ያህል ለውጥ የለውም። ፊት የሚያውቀው ስንት ኪሎ በስንት ጊዜ እንደወረደ ነው።

እኔ 43 ዓመቴ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ65። ከ124 ጀምሬ በ14ኛው ወር 86 ላይ ቆምኩ። 38 ኪሎ ማለት ነው፣ አብዛኛው ደግሞ የወረደው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው።

ለኦፕራሲዮኑ ለራሱ 5 ኮከብ እሰጣለሁ፣ ይሄን ከአሁኑ ልበለው፣ ቀጥሎ የማማርረውን አይታችሁ ተጸጽታለች እንዳትሉኝ። ግፊቴ ወረደ፣ ጉልበቴ መጮህ አቆመ። ማታ ማታ ትንፋሼ ስለሚቋረጥ ሲፓፕ የሚባለውን ማሽን ፊቴ ላይ አስሬ ነበር የምተኛው፤ ጠዋት ስነሳ የማሰሪያው መስመር ሁለቱም ጉንጬ ላይ ታትሞ ይቆይ ነበር፣ ቢሮ እስክገባ አይጠፋም። እና ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ሁለተኛው ወር ላይ ማስኩ ሌሊት ሌሊት ማፏጨት ጀመረ። የተበላሸ መስሎኝ ይዤው ሄድኩ። ማሽኑ ምንም አልሆነም። ፊቴ አንሶ ማስኩ አልገጥም ብሎ ነው አየር የሚያፈሰው። ፊቴ መክሳቱን ከመስታወት በፊት የነገረኝ እሱ ነው። በትንሽ ማስክ ቀየሩልኝ፣ ዘጠነኛው ወር ላይ ድጋሚ የእንቅልፍ ምርመራ ተደርጎልኝ ጭራሽ ተገላገልኩት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለፊት ደስታ ናቸው። እብጠቱ ይሄዳል። ዓይኔ ትልቅ ሆነ፣ ማለት ዓይኔ ያው ነው፣ ዙሪያው ነው የቀነሰው። አገጬ አንድ ሆነ። መንጋጋ እንዳለኝ አወቅኩ። መነጽሬ እየተንሸራተተ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ እየደረሰ አስቸገረኝ፣ ሁለት ጊዜ አስጠበብኩት። እህቴ አንድ ቀን ከጎን አይታኝ ዝም ብላ ቆየችና «እቴ፣ አባባን መስለሽ ቁጭ አልሽኮ» አለችኝ። አባታችንን እመስላለሁ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለካ አጥንቱ እዛው ስር ተቀምጦ ነው። ያን ሰሞን በቀን ሃያ ሰልፊ ሳልነሳ አልቀርም።

አራተኛው ወር ላይ ነገሩ ተገለበጠ።

በመጀመሪያ የታወቀኝ ሰው የሚለኝ ነገር ሲቀየር ነው። «አምሮብሻል» ቀረና «ምነው፣ አሞሽ ነበር እንዴ?» መጣ። ከዚያ «ዓይንሽ ገባ»። ከዚያ «ጭንቀት አለብሽ?»። የቢሮ ባልደረባዬ ጥግ ወስዳ በሹክሹክታ ምርመራ አድርጌ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አንዲት ጎረቤቴ እንዲያውም ምንም ሳትጠይቅ እጄን ጨበጥ አድርጋ «እግዜር ይማርሽ» ብላኝ አለፈች። እናቴ ደግሞ እናት ናት፣ አትሸፋፍንም። «ልጄ፣ ፊትሽን ምን በላው?» አለችኝ። ገላዬ እያማረ፣ ልብስ እየተመቸኝ፣ ፊቴ የሌላ የታመመች ሴት ሆነ። አንድ ቀን መንገድ ላይ በሱቅ መስታወት ውስጥ እናቴን ያየሁ መስሎኝ ዞር አልኩ። እኔ ነኝ።

እስቲ ምን እንደሚከሰት ላስረዳ፣ ይሄን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ስንት ገንዘብ ይተርፈኝ ነበር።

የፊት ስብ አንድ ወጥ ንጣፍ አይደለም። በ2007 ሮሪች እና ፔሳ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች አስከሬን ላይ ቀለም እየወጉ ባሳተሙት ሥራ የፊት ስብ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ መሆኑን አሳይተዋል። ቀለሙ አንዱ ክፍል ውስጥ ይቀራል እንጂ ፊቱን ሁሉ አያዳርስም። ብዙ ክፍል ያለው ቤት በሉት፣ እያንዳንዱ የራሱ ግድግዳ አለው። ከላይ ከቆዳ ስር ያለ አለ፣ ከታች ከአጥንት አጠገብ ያለ ጥልቅ ስብም አለ። ስትከሱ ታዲያ ሁሉም እኩል አይቀንስም። እኔ ላይ በመጀመሪያ የጎደጎደው ከቅንድብ ጫፍ እስከ ጆሮ ያለው ቦታ ነው፣ ከዚያ የዓይን ስር፣ ከዚያ መሃል ጉንጭ። የጉንጩ ስብ ከላይ የያዘው ነገር ሲያጣ ከአፍንጫ ጥግ ወደ አፍ ጥግ የሚወርደው መስመር እንደ ቦይ ጠለቀ። ቆዳ ደግሞ በየቦታው በጅማት ከአጥንት ጋር ተይዟል፤ ስለዚህ ሲረግብ እኩል አይወርድም፣ ጅማቱ የያዘው ቦታ ይቀራል፣ በመሃል ያለው ይንጠለጠላል። መንጋጋ ላይ በሁለቱም በኩል የሚወርደው ቁራጭ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ቆዳው ለምን ራሱን አይሰበስብም? ኮላጅን እና ኢላስቲን የሚባሉት ቃጫዎች ናቸው ቆዳን የሚወጥሩት። የድሮ ሱሪ ወገብ ላይ ያለውን ላስቲክ አስቡ። ለአንድ ወር ቢለጠጥ ይመለሳል፣ ለሃያ ዓመት ተለጥጦ ከኖረ ግን አይመለስም። ዕድሜ ይወስነዋል፣ ሲጋራ ይወስነዋል፣ ፀሐይ ይወስነዋል፣ የዘርም ነገር አለበት። ከእኔ ጋር በተመሳሳይ ሳምንት የተሠራች የ26 ዓመት ልጅ ነበረች፣ ከእኔ የበለጠ ኪሎ ነው የጣለችው፣ በዓመቷ ስንገናኝ ፊቷ ጥብቅ ብሎ ተቀምጧል። ቀናሁ፣ አልዋሽም።

ሌላም ነገር ገባኝ። ወፍራም ሳለሁ ሰው ከዕድሜዬ በታች ነበር የሚገምተኝ። ስቡ ሽብሽቡን ከውስጥ እየገፋ ያቃናው ነበር። ዓመታቴን ደብቆ አስቀምጦልኝ ኖሮ በአምስት ወር ውስጥ ባንድ ጊዜ አስረከበኝ። ይሄን «ያስረጃል» ይሉታል። ያስረጃል ከማለት የነበረውን ያወጣል ማለት ይቀርባል።

በነገራችን ላይ ሰሞኑን ስለ መክሻ መርፌዎቹ «የኦዜምፒክ ፊት» የሚሉት ነገር ሌላ አይደለም፣ ይኸው ነው። መድኃኒቱ ፊትን ለይቶ የሚበላ የሚመስላቸው አሉ። ብዙ ኪሎ በአጭር ጊዜ ሲወርድ፣ በመርፌም ይሁን በቢላ፣ ፊት ሒሳቡን ይከፍላል። እኛ ቀድመን ከፍለናል፣ ስም ያወጣልን ግን አልነበረም።

ፀጉርም አለ። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ትራሴ ላይ፣ ሻወር ቤት፣ ኮሌታዬ ላይ ፀጉር በፀጉር ሆነ። ይሄ የታወቀ ነገር ነው። ሰውነት ትልቅ ድንጋጤ ሲደርስበት፣ ኦፕራሲዮንም ሆነ ፈጣን መክሳት፣ ብዙ የፀጉር ሥሮች እድገታቸውን አቁመው ወደ ዕረፍት ይገባሉ፣ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ይረግፋል። አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ የእኔም ተመልሷል። ግን ከፊት ጋር አንድ ላይ ሲመጣ መከራ ነው፣ የግንባር ጥግና ጥጉ ሲሳሳ የጎደጎደው ቦታ የባሰ ይታያል። ፊቴ አመድ የመሰለውም በመክሳት ብቻ አልነበረም። ደሜ ሲመረመር ብረቴ ወርዶ ተገኘ። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ብላ ነግራኝ ነበር፣ እኔ ግን ግማሹን እንኳ አልደርስም ነበር፣ ሁለት ማንኪያ በልቼ እጠግባለሁ። እሱን ሳስተካክል፣ ብረቱንም ስወስድ፣ በሁለት ወር ውስጥ የፊቴ ቀለም ተመለሰ። ጉድጓዱ አልሞላም፣ ግን «እግዜር ይማርሽ» የሚለኝ ሰው ቀነሰ። ለሥነ ምግብ ባለሙያዋ 5 ኮከብ። ስደውልላት ያነሳች እሷ ብቻ ናት። ለእኔ ለራሴ 2።

አሁን ወደ ገዛኋቸው ነገሮች።

አጥባቂ ክሬም። ሦስት ዓይነት ገዛሁ፣ ሦስተኛው ከሁለቱ ድምር በላይ ውድ ነበር፣ ማሰሮውም ከባድ ብርጭቆ ነው፣ እጅ ላይ ሲይዙት ያሳምናል። የሄደው ከውስጥ፣ የሚቀባው ከላይ። ምን ያገናኛቸዋል? ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ወጠር ያደርጋል፣ ከዚያ ያው ነው። 1 ኮከብ፣ እሱም ለሽታው። የፀሐይ መከላከያ እና ተራ ማለስለሻ ግን ተጠቀሙ፣ የቀረውን ኮላጅን ፀሐይ እንዳይጨርሰው። የቆዳ ሐኪም ያዘዘልኝ ሬቲኖይድ (የቫይታሚን ኤ ዘመድ) ያለበት የማታ ቅባትም የቆዳዬን መልክ ትንሽ አሻሽሎታል፣ ረቂቁን መስመር ያለዝባል፣ ጉድጓድ ግን አይሞላም። መጀመሪያ ላይ ያቃጥላል፣ ይልጣል፣ ታገሱት። እርጉዝ ለሆነች ወይም ለማርገዝ ላሰበች ግን ክልክል ነው።

የአገጭ ማሰሪያ። ይሄን የገዛሁት ሌሊት ስልኬን ይዤ እንቅልፍ ባጣሁበት ሰዓት ነው። ከአገጭ ስር አልፎ አናት ላይ ይታሰራል። ከሲፓፕ ማሰሪያ ተገላገልኩ ብዬ ሳልጨርስ በገዛ እጄ ሌላ ማሰሪያ! ጠዋት ሲፈታ ተጣብቆ የነበረው ቆዳ ለአስር ደቂቃ ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ቡና እስክትጠጡ ወርዷል። 0 ኮከብ። ባለቤቴ ካየው በኋላ ሦስት ቀን ሳቀ፣ ለሳቁ አንድ ልስጠው መሰለኝ።

ፊት ማሸት። ደስ ይላል። እንቅልፍ ያመጣል። የተንጠለጠለ ቆዳ አያነሳም። ስብም አይመልስም። የፊት ስፖርት የሚባለውንም ሁለት ወር ሞከርኩ፣ መስታወት ፊት ቆሜ ጉንጬን እየነፋሁ፣ የተለወጠ ነገር ካለ እኔ አላየሁትም።

ፊለር፣ የጎደጎደን ቦታ ለመሙላት ከቆዳ ስር የሚወጋው። እዚህ ላይ ረጅም እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ዋናው ስህተቴ እዚህ ነው።

ስምንተኛው ወር ላይ፣ ፊቴ ከምንጊዜውም በላይ ባስጠላኝ ሰሞን፣ አንድ የውበት ክሊኒክ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ንጹሕ ነው፣ ሙዚቃው ለስላሳ ነው፣ የተቀበለችኝ ልጅ ፊት እንደ እንቁላል ነው። ገብቼ 40 ደቂቃ ሳልቆይ ጉንጬና ዓይኔ ስር ተወጋሁ። የተጠቀሙት ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው፣ ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተው ውኃ የሚይዝ ነገር፣ በጄል መልክ የሚሠራው። እንደ ዓይነቱና እንደ ቦታው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ተኩል ይቆያል። ስወጣ መስታወት አይቼ አለቀስኩ፣ በደስታ። በዚያን ቀን ግምገማ ጻፊ ብትሉኝ 5 ኮከብ ነበር።

ያልጠየቁኝ ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ኪሎዬ ገና እየወረደ ነበር! በየወሩ ሁለት ሦስት ኪሎ እጥላለሁ። እነሱ የሞሉት የስምንተኛውን ወር ፊት ነው፣ 12ኛው ወር ላይ ግን ያ ፊት የለም። ዙሪያው ሲጎድል የተሞላው ቦታ ብቻውን ቀረ። ዓይኔ ስር በግራ በኩል እብጠት መሰለ፣ ጠዋት ጠዋት ውኃ ይቋጥራል፣ ከጎን መብራት ሲያርፍበት እንደ ትንሽ ጉብታ ይታያል። ደውዬ ስነግራቸው «ትንሽ እንጨምርበትና እናስተካክለው» አሉኝ። ሰምታችኋል? እንጨምርበት! 1 ኮከብ። እሱም መርፌው ስላላመመኝ።

ያኔ ነው ሌላ ሰው ፍለጋ የሄድኩት። የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም ናቸው፣ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ቢሯቸው ያረጀ፣ ወንበራቸው የሚንቋቋ። ገና ሳልቀመጥ «ክብደትሽ ከቆመ ስንት ወር ሆነው?» አሉኝ። አንድ ወር ገና አልሞላውም አልኳቸው። «እንግዲያው ዛሬ የምንነጋገረው እንጂ የምንሠራው የለም» አሉኝ። እኔ በበኩሌ ለዚያች ጥያቄ ብቻ 5 ኮከብ ሰጥቻለሁ። ፊታችሁን ለመንካት የሚፈልግ ማንኛውም ሰው፣ ሐኪምም ይሁን ክሊኒክ፣ ይሄን ካልጠየቃችሁ ቦርሳችሁን አንሱና ውጡ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ኪሎ የሚረጋው ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ከረጋ በኋላም ጥቂት ወራት ጠብቆ ማየት ያስፈልጋል። ለኔ አራት ወር አሉኝ።

የተነጋገርነው ታዲያ አንድ ሰዓት ፈጀ። ከፊት፣ ከጎን፣ ገደድ አድርገው ፎቶ አነሱኝ። የደም ውጤቴን ጠየቁ። ፊለር በስህተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ደም ሊዘጋ፣ ቆዳ ሊሞት፣ ከዓይን አካባቢ ከሆነ ደግሞ ዓይን ሊያጠፋ እንደሚችል የሰማሁት ያን ዕለት ነው፣ ከተወጋሁ ከስድስት ወር በኋላ! አልፎ አልፎ የሚደርስ ነገር ነው፣ ግን ይደርሳል፣ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ቃሉን አልተነፈሱትም። የግራ ዓይኔን ስር እብጠት ብቻ ሃያሉሮኒዴዝ በሚባል ኢንዛይም አሟምተው አወጡልኝ። አሳከከኝ፣ አንድ ቀን ቀላ፣ ከዚያ ጠፋ። ሃያሉሮኒክ አሲድ ይሄ ጥሩ ጎን አለው፣ ካልወደዳችሁት ይሟሟል። ሌሎቹ አይሟሟሙም።

ከዚያ መጠበቅ። ይሄኛው ክፍል ነፃ ነው፣ ኮከብም የለውም፣ ግን ከከፈልኩበት ሁሉ የበለጠ ሠርቷል። ከ14ኛው ወር እስከ 18ኛው ወር ባለው ጊዜ ፊቴ በራሱ ተሻለ። ሁለት ኪሎ ያህል ተመልሶ መጣ፣ መብላት ተለማመድኩ፣ ፀጉሬ በቀለ፣ እንቅልፌ ተስተካከለ። ጉንጬ እንደ ድሮው አልሆነም፣ ግን ያ የሬሳ መልክ ሄደ። እኔም ለመድኩት መሰለኝ። ጭንቅላት ከፊት ቀርፋፋ ነው። እስከ ዓመቴ ድረስ ዓይኔን ስጨፍን የማየው ያቺን የድሮዋን ክብ ፊት ነበር፣ መስታወት በሄድኩ ቁጥር እንግዳ ሰው ይጠብቀኛል። ስልኬ ሳይቀር አላውቅሽም ብሎኝ ሁለት ጊዜ ፊቴን እንደ አዲስ አስመዝግቤያለሁ። የፓስፖርት ተቆጣጣሪው ደግሞ ፎቶውን፣ እኔን፣ ፎቶውን እያየ ሦስት ጊዜ ስሜን ጠየቀኝ፣ የመጨረሻ «እህትሽ ናት?» አለኝ። ፓስፖርቱን ቶሎ አሳድሱ፣ ይሄ ቁም ነገር ነው።

18ኛው ወር ላይ ሽማግሌው ሐኪም ጋ ተመለስኩ። የመረጡልኝ ፖሊላክቲክ አሲድ የሚባለውን ነው። ይሄ እንደ ፊለር ወዲያው አይሞላም፣ ቆዳው የራሱን ኮላጅን እንዲሠራ ነው የሚቀሰቅሰው። የሚገርመው፣ በ2004 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ የተፈቀደው ለውበት አልነበረም፣ ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች ፊታቸው ስቡ ሲያልቅ ለሚደርስባቸው ጉድጓድ ነበር። ማለትም ነገሩ ከመጀመሪያውም የተሠራው ለጎደጎደ ፊት ነው። ሦስት ጊዜ በየስድስት ሳምንቱ ነው የታሰበልኝ፣ እስካሁን ሁለቱን ወስጃለሁ። ከተወጋችሁ በኋላ በቀን አምስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ፣ ለአምስት ቀን ማሸት አለባችሁ፣ ካለዚያ ሊቋጥር ይችላል። ቢሮ ሽንት ቤት ገብቼ ሳሽ የሰማችኝ ባልደረባዬ አሁንም ምርመራ አድርጊ እያለችኝ ነው። ለውጡ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ በሁለተኛው ሳምንት ምንም የለም፣ በሁለተኛው ወር ግን የቅንድቤ ጥግ ሞላ ብሏል። እስካሁን 4 ኮከብ። አንዷን የቀነስኩት በዋጋውና ማንም ሰው «ምን አደረግሽ» ብሎ ስላልጠየቀኝ ነው። ያ ራሱ ጥሩ ሥራ ማለት ነው ይላሉ ሐኪሙ። ይበሉ።

ከራስ ስብ ወስዶ ፊት ላይ መትከልም አለ፣ ጠይቄ ነበር። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ከተተከለው ከፊሉ በሰውነት ተመጥጦ ይጠፋል፣ የቀረውም እውነተኛ ስብ ስለሆነ ኪሎ ሲወርድ ይወርዳል፣ ሲጨምር ይጨምራል። ለእኛ ዓይነቱ ሰው ቁጥሩ ካልቆመ አደጋ ነው።

አንገቴ ቀረ። አንገት ላይ የሚሞላ ነገር የለም፣ ትርፉ ቆዳ ነው፣ ትርፍ ቆዳ ደግሞ በመርፌ አይሄድም። መቆረጥ አለበት። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥለው አሳዩኝ፣ ከጆሮ ፊት ተነስቶ ከጆሮ ኋላ ዞሮ ፀጉር ውስጥ የሚገባ መቁረጫ፣ ከቆዳው ስር ያለውን ጡንቻና ሽፋን ወደ ላይ ማጥበቅ፣ ከዚያ የተረፈውን ቆዳ መቁረጥ። ቆዳውን ብቻ የሚጎትት ካገኘሽ ሽሺ አሉኝ፣ ፊት ነፋስ የመታው ይመስላል፣ ቶሎም ይረግባል። ደም መቋጠር አለ፣ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ መጎዳት አለ፣ ጠባሳም አለ። ብረቴና ፕሮቲኔ በደንብ ካልተስተካከለ ቁስሉ በቅጡ ስለማይድን ቢላ እንደማያነሱ በግልጽ ነገሩኝ። እያሰብኩበት ነው። በአንድ በኩል አንድ ኦፕራሲዮን ይበቃኛል እላለሁ፣ በሌላ በኩል ሻርፕ የማላደርግበት ቀን የለም።

አንድ ቅሬታ ቀርቶኛል። ጨጓራዬን የሠራው ሐኪም ጎበዝ ነው፣ እጁ ይባረክ። በስድስተኛው ወር ክትትል ላይ ስለ ፊቴ ስነግረው ግን ሳቀና «እኔን የሚያሳስበኝ ልብሽ ነው እንጂ ፊትሽ አይደለም» አለኝ። ልክ ነው። በ2007 የታተመው የስዊድኑ ትልቅ ጥናት፣ አራት ሺህ ያህል ሰው የተከታተለው፣ ኦፕራሲዮን የተሠሩት ካልተሠሩት ያነሰ እንደሞቱ አሳይቷል። ይሄን አውቃለሁ፣ ለዚያ ነው ጠረጴዛው ላይ የወጣሁት። ግን ለልቤ ብዬ መሠራቴ ፊቴ የማን ነው እንዲባል አያደርገውም። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሁለት ደቂቃ ወስዶ «ከአራተኛው ወር በኋላ ፊትሽ ይወርዳል፣ ሰው ታማለች ይልሻል፣ ኪሎሽ እስኪቆም ምንም ነገር እንዳታስደርጊ» ቢለኝ ያ ሁሉ ክሬም፣ ያ ሁሉ መርፌ፣ ያ ማሰሪያ አይኖርም ነበር። ለቢላው 5፣ ለምክሩ 2።

ባለፈው ወር ለክትትል ስሄድ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ያንኑ አራት ገጽ ይዛ የተቀመጠች ሴት ነበረች። በሠላሳዎቹ ውስጥ ትሆናለች። አንቺም ተሠርተሻል ወይ አለችኝ፣ አዎ አልኳት። ስለ ማስታወክ ጠየቀችኝ፣ ስለ ሕመሙ ጠየቀችኝ፣ ስንት ቀን ከሥራ እንደቀረሁ ጠየቀችኝ። ስለ ፊት አልጠየቀችም። ስልኬን አውጥቼ የስምንተኛውን ወር ፎቶ አሳየኋት፣ ከፊለሩ በፊት የተነሳሁትን፣ ለማንም የማላሳየውን። ብዙ ቆይታ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ ፎቶውን።

«ይሄ እስኪያልፍ ስንት ጊዜ ፈጀ?» አለችኝ።

ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፣ አንገቱ ገና ነው አልኳት፣ ሻርፔን ወረድ አድርጌ።

«ላኪልኝ» አለችኝ። ላኩላት።